መብረቅን በካሜራ፦ በአዲስ አበባ ክረምትና በአሪዞና በረሃ

በሀገር ቤትና በውጭ በሚነሡ የመብረቅ ፎቶዎች መካከል ለሚታየው ልዩነት ብዙውን ጊዜ ምክንያት ተደርጎ የሚቀርበው የካሜራው ዋጋ ነው፤ ይሁን እንጂ በአዲስ አበባና በአሜሪካዋ የአሪዞና ግዛት ያሉ አማተሮች፣ ማለትም ለእንጀራ ሳይሆን ለፍቅሩ ብለው ፎቶ የሚያነሡ ሰዎች፣ የሚሠሩበት ሁኔታ ቢመረመር ልዩነቱ በይበልጥ ከሰዓቱና ከአየሩ ጠባይ እንደሚመነጭ ይታያል።

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች በክረምት የጠዋቷ ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ እርጥብ አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ እኩለ ቀን ላይ ደመናው ይቆለልና ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ከነነጎድጓዱ ይወርዳል። በዚህም ምክንያት መብረቁ አብዛኛውን ጊዜ በቀን ብርሃን የሚመጣ ሲሆን፣ ደመናው ዝቅ ብሎ ተራራውን ስለሚሸፍን የብልጭታው መሥመር ሳይለይ ሰማዩ ብቻ ቦግ ብሎ ይጠፋል። በአሪዞና ከሰኔ 8 እስከ መስከረም 20 በሚዘልቀው ሞንሱን፣ ይኸውም የነፋስ አቅጣጫ ከወቅቱ ጋር ሲለወጥ በሚመጣው የዝናብ ጊዜ፣ ከሰዓት በኋላ በተራሮቹ ላይ የተፈጠረው ደመና ሲመሽ ወደ ፊኒክስ ከተማ ሸለቆ ይወርዳል፤ የደመናው ግርጌ ከፍ ያለ፣ ከሥሩ ያለው አየርም ደረቅ በመሆኑ ብልጭታው በአሥር ኪሎ ሜትሮች ርቀት ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታያል።

የሥራው ስልትም ይህንኑ ተከትሎ ይለያያል። በሌሊት ካሜራው በትራይፖድ ላይ ይቆምና የብርሃን ንቃቱ፣ ማለትም አይኤስኦው፣ 100፣ የሌንሱ ቀዳዳ ከ5.6 እስከ 8 ተደርጎ መዝጊያው ከ10 እስከ 30 ሰከንድ ክፍት ይቆያል። ብልጭታው ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ስለሚያበቃ ድምቀቱን የሚወስኑት የሌንሱ ቀዳዳና አይኤስኦው ናቸው፤ መዝጊያው ክፍት የሚቆይበት ጊዜ የሚወስነው የከተማውንና የሰማዩን ብርሃን ብቻ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ማታ ሲዘንብ የሰፈሩ መብራት ከጠፋ፣ የመንገድ መብራት በቆርቆሮ ጣሪያዎች ላይ የሚያሳርፈው ነጸብራቅ አብሮ ስለሚጠፋ መዝጊያውን ረዘም ላለ ጊዜ ክፍት ማድረግ ይቻላል። በቀን ግን የሌንሱን ቀዳዳ እስከ 16 አጥብቦ፣ ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር ማጣሪያ ገጥሞ ደጋግሞ ማንሣት፣ ወይም በስልክ ቪዲዮ ቀርጾ ብልጭታው ያረፈበትን ፍሬም መምረጥ የተሻለ ነው።

ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚሻው የደኅንነት ጉዳይ ነው። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 3 ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅበት፣ ከብልጭታው እስከ ነጎድጓዱ ያለው ጊዜ ከ30 ሰከንድ ካነሰ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ነው፤ ስለዚህ ወደ ቤት ወይም የብረት ጣሪያ ወዳለው መኪና መግባት፣ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ መቆየት ያስፈልጋል። በአሜሪካ ይህ ትምህርት በስፋት ስለሚሰጥ ብዙ አማተሮች መስኮቱን ዘግተው ከመኪናቸው ውስጥ ያነሣሉ። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የእንጦጦ ጫፍ ወይም በኮንዶሚኒየም ሰገነት ላይ ትራይፖድ ተክሎ መቆም፣ ዝናቡ ሲበረታም ዛፍ ሥር መጠለል ግን ሕይወትን የሚያስከፍል ስሕተት ነው።

ከውጭ ወደ ሀገር ቤት ካሜራ የሚልኩ ዘመዶች ከብልጭታው እስከ ነጎድጓዱ ያለውን ሰከንድ የመቁጠር ልማድ አብረው ቢያስተምሩ መልካም ነው። በሀገር ቤት ነጎድጓዱ በሰፈሩ አናት ላይ ስለሚመጣ አማተሩ ደመና ሊያሳድድ አይገደድም፤ ከተዘጋ መስኮት ጀርባ ሆኖ በትዕግሥት ቢጠብቅ የሰውን ኑሮና የሰማዩን ኃይል በአንድ ምስል ማዋሐድ ይችላል።