ያቺ የገሳይ ሌሊት

ብርድን የማላውቅ ሴት ነበርኩ። ያደግሁት አርባ ምንጭ ነው። እዚያ በልጅነታችን የሚያስቸግረን ሙቀትና ትንኝ እንጂ ብርድ አልነበረም። ለመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ትምህርት አዲስ አበባ ስገባ አንድ ሹራብ ለዓመት የሚበቃኝ መስሎኝ ነበር፤ የዶርም ጓደኞቼ እስከ ዛሬ ይስቁብኛል። በ1995 ዓ.ም. አግብቼ፣ ባለቤቴ ለአገልግሎት ወደ ተላከበት ወደ ደብረ ታቦር ስሄድ ግን አዲስ አበባም ሞቃት አገር እንደነበረች ገባኝ።

ነገሩ የከፍታ ነው። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ላይ ትገኛለች፤ ደብረ ታቦር 2,700 ገደማ ላይ ናት። የጉና ተራራ ደግሞ ከ4,100 ሜትር በላይ ነው። መቶ ሜትር ሽቅብ በወጣን ቁጥር ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀንሳል። እንግዲህ ከእናቴ ቤት እስከ ደብረ ታቦር ያለውን ልዩነት ያህል፣ ደብረ ታቦር ቆሜ ቀና ስል ሌላ ልዩነት ከጉና አናት ላይ ይጠብቀኝ ነበር ማለት ነው። ገሳይ ያለችው በዚያ ተራራ አካባቢ ነው። ወደ ምሥራቅ አልፎ ያለችውን ከተማ ሰው ነፋስ መውጫ ብሎ ጠርቷታል፤ ስሙን ያወጣው ሰው አላጋነነም።

ሌላም ያላወቅሁት ነገር ነበር። እኔ ብርድ የክረምት ነው ባይ ነበርኩ። ጎረቤታችን የነበሩት እናት ግን "የለም የኔ ልጅ፣ ክረምት ያረጥባል፤ የሚፈራውስ ታኅሣሥ ነው" አሉኝ። ምክንያቱ ቆይቶ ገባኝ። በክረምት ደመናው በምድር ላይ እንደ ብርድ ልብስ ተደርቦ ያድራል። በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ስለሚል፣ ምድር ቀን ከፀሐይ የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ላይ ስትለቅ የሚያስቀርላት የለም። ስለዚህ ብርዱ የሚጠናው እኩለ ሌሊት ሳይሆን ሊነጋ ሲል ነው። ጠዋት ሣሩ ነጭ ውርጭ ለብሶ ይገኛል። ውርጭ የመታው የድንች ቅጠል ፀሐይ ሲያገኘው እሳት የነካው ይመስል ይጠቁራል። ይህን ሁሉ በመስኮት እያየሁ ነበር የተማርኩት። ደጅ አድሬ አላውቅም ነበር።

በ1996 ዓ.ም. ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ከባለቤቴ ጋር ነፋስ መውጫ ልቅሶ ደርሰን ስንመለስ ነው። የበኩር ልጃችን ሰባት ወሯ ነበር። አውቶቡስ አምልጦን እህል የጫነ አይሱዙ ተሳፈርን፤ እኔና ሕፃኗ ጋቢና፣ ባለቤቴና ረዳቱ ከላይ ጭነቱ ላይ። መንገዱ ቻይናዎች በደርግ ዘመን የሠሩት የወረታና የወልድያ መንገድ ነው፤ ያኔ ገና አስፋልት አልለበሰም። ገሳይ ሳንደርስ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ መኪናው አንድ ጊዜ አጓርቶ ቆመ። ሾፌሩ ሥሩ ገብቶ ሲወጣ ፊቱን አይቼ ነገሩ እንዳበቃ ዐወቅሁ። የምንደውልበት ሞባይል አልነበረንም። ሾፌሩና ባለቤቴ መካኒክ ፍለጋ በእግራቸው ወደ ገሳይ ሄዱ። ባለቤቴ ጃኬቱን አውልቆ ትቶልኝ ሄደ። ረዳቱ ሸራ ተጠቅልሎ ጭነቱ ላይ ቀረ።

መኪና ውስጥ መሆን ከብርድ የሚያድን ይመስላል። አያድንም። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ መኪና የብረት ሣጥን ነው፤ ሙቀትሽን ከጀርባሽም ከእግርሽም ሥር ይጠጣዋል። ልጄን ጡቴ ሥር አድርጌ በነጠላዬም በጃኬቱም ጠቀለልኳት። መጀመሪያ አለቀሰች። ከዚያ ዝም አለች፤ ዝምታዋ ከልቅሶዋ ይልቅ አስፈራኝ። እጇን ስነካው ውኃ ውስጥ የቆየ ይመስል ነበር። ጸለይኩ። የጸለይኩት ጸሎት የኮሌጅ ምሩቅ ጸሎት አልነበረም፤ "ጌታ ሆይ፣ ልጄን" ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣኝም።

ሰዓቱን አላስታውስም፤ ውሻ ጮኸ። ዱላ የያዘ ልጅ መስኮቱ ሥር ቆሟል። አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው።

"እታለም፣ ሕፃን ይዘሽ ብረት ውስጥ አይታደርም" አለኝ።

ከመንገዱ ትንሽ ወረድ ብሎ የቤተሰቡ አውድማ ነበር። ወቅቱ የገብስ ውቂያ ስለሆነ ክምሩን ከከብትም ከሌባም እየጠበቀ የሚያድረው እሱ ነው። ከክምሩ አጠገብ ለአንድ ሰው የምትበቃ የሣር ጎጆ ነበረች፤ ወለሏ በገለባ ተሞልቷል። ገብቼ ገለባው ውስጥ ስሰምጥ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እግሬ እግሬ መሆኑ ተሰማኝ። ገለባ በየመካከሉ አየር ስለሚይዝ ከብዙ ፍራሽ ይሻላል። "እሳት የለህም?" አልኩት። ሳቀብኝ። "እታለም፣ ክምሩስ?" አለ። ለካ አውድማ ላይ እሳት አይነድም፤ አንዲት ፍንጣሪ የዓመት እንጀራቸውን ትበላለች። እነዚያ ልጆች በዓመቱ ብርዳማ ወር ያለ እሳት ነው ደጅ የሚያድሩት።

ከትከሻው ላይ ባናውን አወረደና ሰጠኝ። የበግ ጠጉር ባና፣ ከባድ፣ ጭስና በግ በግ የሚሸት። ሥሩ የነበረው ክርኑ የተቀደደ ሹራብና ቁምጣ ነው።

"አንተስ?" አልኩት።

"ሌላ አለኝ።"

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ባትሪ በእጄ ነበር። ጎጆዋ እጅ ዘርግተሽ ግድግዳዋን የምትነኪባት ናት፤ ውስጧ ከገለባና ከአንድ የውኃ ቅል በቀር ምንም አልነበረም። ሌላ ባና ቢኖር ኖሮ ባየሁት። ባትሪውን ግን አላዞርኩም። ቢኖረውም ባይኖረውም ልጄ ያንን ባና ትፈልገው ነበርና፣ አጠፋሁት። ፔርሙሴ ውስጥም የቀረ ሻይ ነበረኝ። አንድ ስኒ ጠጣሁና የቀረውን ለሌሊቱ ብዬ ክዳኑን ገጠምኩ። ለልጁ መስጠት አልታሰበኝም።

ልጄ ሞቃት። ጠባች፤ ተኛች። እኔ በየመካከሉ ስነቃ ልጁ ክምሩን ሲዞር የእግሩን ኮቴ እሰማ ነበር። መጀመሪያ ያንጎራጉር ነበር። ኋላ መሬቱን በእግሩ መምታት ጀመረ። ሊነጋ ሲል ምንም አልተሰማኝም። "ተኛ፣ ጎበዝ" አልኩ በልቤ።

ባለቤቴና ሾፌሩ መካኒክ ይዘው ሲመለሱ ጎህ ቀዶ ነበር። ከጎጆዋ ስወጣ አውድማው ሁሉ ነጭ ነው። ልጁ ክምሩን ተደግፎ፣ ጉልበቱን ሹራቡ ውስጥ አስገብቶ ተቀምጧል። ጠጉሩ ላይ ውርጭ አለ። "ደህና አደርክ?" ስለው አንድ ነገር አልጎመጎመ፤ ምላሱ ታስሯል። አይንቀጠቀጥም ነበር፤ እኔም አለመንቀጥቀጡን አይቼ ደህና ነው አልኩ። ረዳቱ ከኪሱ የአረቄ ጠርሙስ አወጣ።

በዚህ መካከል አያቱ የልጁን ቁርስ ይዘው ከታች መጡ። አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ትከሻዬ ላይ ያለውን ባና፣ ከዚያ ልጁን አዩ። አልጮሁም። ጠርሙሱን በእጃቸው ገፋ አድርገው "ባዶ ሆዱን አረቄ አታጠጡብኝ" አሉ። ጤዛ ያረጠበውን ሹራብ አወለቁለት፤ ወደ ጎጆዋ ይዘውት ገቡና ደረቱን ከደረታቸው አጣብቀው ባናውን በላያቸው ሳቡ። እኔን "እናትዋ፣ ትኩስ ነገር የለሽም?" ሲሉኝ ፔርሙሱን አወጣሁ። ሻዩ ገና ለብ ያለ ነበር። ስኳር የበዛበት፣ እኔ ለራሴ ያስቀመጥኩት። በትንሽ በትንሹ አጠጡት። ብዙ ቆይቶ ልጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እኔ ደነገጥኩ፤ እሳቸው ግን "ተመስገን" አሉ።

በጉባኤያችን የነበረች ነርስ ቆይታ አስረዳችኝ። የሰው ገላ ሙቀት 37 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከ35 በታች ሲወርድ ነገሩ ሕመም ይሆናል። መንቀጥቀጥ ገላ ራሱን የሚያሞቅበት መንገድ ነው። ብርድ ላይ ያለ ሰው ሳይሞቀው መንቀጥቀጡን ካቆመ፣ ምላሱ ከተሳሰረ፣ ከፈዘዘ፣ ሞት ደጁ ደርሷል ማለት ነው። እርጥብ ልብሱ ይውለቅ፤ ከእጅና ከእግሩ በፊት ደረቱና ሆዱ ይሙቅ። አይታሽ፤ እሳት ላይም አይለብለብ። የነቃና መዋጥ የሚችል ከሆነ ጣፋጭ ትኩስ ነገር ይጠጣ። አረቄ ግን የሚያሞቅ የሚመስለው ደሙን ወደ ቆዳ ስለሚያወጣው ነው፤ በዚያው የውስጡ ሙቀት ይሸሻል። (እኛ አረቄ የማንቀምስበት ምክንያት ሌላ ቢሆንም፣ ይህንን ለጎረቤት መንገር ደግ ነው።) ፊደል ያልቆጠሩት እናት ያደረጉት አንዱም ስሕተት አልነበረበትም።

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ልምጣ። ኮሌጅ ሳለሁ የመመረቂያ ጽሑፌን የጻፍኩት ዘጸአት ምዕራፍ 22 ላይ ነው፤ የድሀን ልብስ በመያዣነት የወሰደ ሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲመልስለት ስለሚያዘው ሕግ። ልብሱ የድሀው ብቸኛ መሸፈኛ ስለሆነ፣ ሌላ በምን ይተኛል የሚል ነው ምክንያቱ። ሐያ ሁለት ገጽ ጽፌበታለሁ። ጥሩ ውጤትም አግኝቼበታለሁ። በዚያ ሌሊት ግን ከሐያ ሁለቱ ገጽ አንድ መስመር ትዝ አላለኝም። "ልጄን ለማዳን ነው" ብዬ ራሴን ልከላከል እችላለሁ፤ እውነትም ነው። ግን ጎጆዋ ጠበብ ብትልም ለሦስት ትበቃ ነበር። "ና ግባ፣ አብረን እንልበሰው" ማለት ይቻል ነበር። ክምሩንም ውሻው ይጠብቀው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ደጋ የሚነገር ታሪክ ስሰማ ጆሮዬ የሚያዘነብለው ወደ ሌላ ነገር ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጎተቱት ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. ነው። ወደ 70 ኩንታል የሚመዝን መድፍ፣ ስድስት ወር ገደማ፣ በዚያ ከፍታ። ወራቱን ቁጠሯቸው፤ ኅዳርም ታኅሣሥም ጥርም መካከላቸው አሉ። ስለ መድፉ ሁላችንም ተምረናል። ጎታቾቹ ሌሊቱን ምን ለብሰው እንዳደሩ የጠየቀ አስተማሪ ግን አላጋጠመኝም።

ሰውዬው ጳውሎስ እንኳ፣ እስር ቤት ሆኖ፣ የተወውን ካባ እንዲያመጣለትና ከክረምት በፊት እንዲደርስለት ጢሞቴዎስን ይለምነዋል። ድሮ ይህንን ክፍል ስናነብ ቶሎ አልፈን ወደ መጻሕፍቱ እንሄድ ነበር፤ አሁን ካባው ላይ እቆማለሁ።

በዓመቱ ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወርን። እንደገና ገሳይ የሄድኩት በ2011 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው፤ ያቺ ሕፃን አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር፣ አብራኝ መጣች። አዲስ ባና ገዝቼ ነበር። አያትየው ዐርፈዋል። ልጁ ትልቅ ሰው ሆኗል፤ አግብቷል፣ ወልዷል። እኔን አላወቀኝም። የመኪናውን ነገር ስነግረው "ፔርሙሷ!" አለና እየሮጠ ገባ። ለካ ጥዬው ሄጄ ነበር። ሙቀት መያዝ ካቆመ ቆይቷል፤ የምስር ዘር አስቀምጦበታል። ይቅርታ ልጠይቀው አስራ አምስት ዓመት ያጠናሁትን ንግግር ጀመርኩ። በመካከል አቋርጦ "ሕፃኗስ ዳነች?" አለኝ። ከጎኔ የቆመችውን ጎረምሳ አሳየሁት። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ሳቀ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ልጄ እንደ ዕድሜ እኩዮቿ ስስ ጃኬት ለብሳ ትንቀጠቀጣለች። አይቷት ያመጣሁትን አዲሱን ባና ከእቃው አወጣና ትከሻዋ ላይ ጣለላት።

"አንተስ?" አልኩት።

"ሌላ አለኝ" አለ።

አመሰገንኩት። ከዚያ ተነሥቼ ወደ ቤት ገባሁና መደቡን፣ ቆጡን፣ ከበሩ ጀርባ ያለውን ማንጠልጠያ አየሁ። ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል፤ አሮጌው፣ ጭስና በግ በግ የሚሸተው።