ባልና ሚስት በካርታ ጠረጴዛ

የዕረፍት ቀናትን ከትዳር ጓደኛ ጋር ማሳለፍ የሚደገፍ ልማድ ነው። ዕረፍቱ በቁማር ጠረጴዛ ዙሪያ ሲሆን ግን ስለ ቤተሰቡ ኪስ አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል።

በአሜሪካ የኔቫዳ ግዛት ቁማር በሕግ የተፈቀደው በ1931 እ.ኤ.አ. ነው። በግዛቲቱ ታላቅ ከተማ በላስ ቬጋስ ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። እኔና ባለቤቴም ለዘመድ ጥየቃ ወደዚያ በሄድንበት ወቅት ቅዳሜንና እሑድን በካሲኖ ፖከር ስንጫወት አሳለፍን።

በፖከር ተጫዋቾች የሚፎካከሩት እርስ በርሳቸው ነው። ቤቱ ግን ማንም ይርታ ማን፣ ከተሰበሰበው ገንዘብ ድርሻውን ያነሣል። ባለቤቴ እኔን ሲረታ ይስቃል፤ እኔም በተራዬ እስቃለሁ። እንበልና ቤቱ በየዙሩ 4 ዶላር ቢወስድ፣ ሁለታችን 10 ጊዜ ስንረታታ 40 ዶላር ሄደ ማለት ነው። ለልጆቻችን ደግሞ የአባትና የእናት ኪስ አንድ ነው።

ከመሄዳችን በፊት 200 ዶላር ብቻ ልንጫወት፣ የቀረው በእኔ ቦርሳ ሊቆይ ተስማምተን ነበር። እሑድ ማታ ባለቤቴ «ጥቂት ጨምሪልኝ፣ የተበላሁትን ላስመልስ» አለኝ። ቦርሳዬን አልከፈትኩም። አኮረፈ። ኩርፊያው በማግስቱ አለፈ፤ የልጆቹ ጫማና መጻሕፍት መግዣ ግን አልተነካም።

እህቶቼ፣ መዝናናት ይቅር አይባልም። ልኩ ግን ገና ከቤት ሳይወጡ በሁለቱም ስምምነት ይወሰን። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት እንዲሉ፣ «ላስመልስ» የምትለዋ ቃል ብዙ ጎጆ አፍርሳለችና።