ከመካነ ሰላም ወደ ግሸን፤ ባልና ሚስት በደሴ ጎዳና

በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ ባልና ሚስት ቤታቸውን ዘግተው አብረው ሩቅ መንገድ ሲነሡ ጎረቤት ዝም ብሎ አይሸኝም። ባል ለፍርድ ቤት ጉዳይ ቢሄድ፣ ሚስትም ለዘመድ ልቅሶ ብትነሣ የተለመደ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ መኪና ሲሳፈሩ ግን «ልጆቹንስ ለማን ትታችሁ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ጥያቄው ከክፋት የሚመነጭ አይደለም። ቦረና፣ ሳይንትና ለጋምቦ ገደላቸው የበዛ፣ የክረምት ጭቃቸው የከበደ አገሮች ናቸውና፣ ከሁለቱ ወላጆች አንዱ ከቤት ይቅር ማለት የቈየ ጥንቃቄ ነው።

እኔና ባለቤቴ በ2012 ዓ.ም መስከረም ለግሸን ደብረ ከርቤ በዓል የተነሣነው ይህን ምክር ሰምተን ነው። ስእለቱ የሁለታችን ነበረ። ትንሿ ልጃችን ታማ በነበረ ጊዜ እናቲቱ በደሴ ከሕመምተኛዪቱ አልጋ አጠገብ ሁለት ወር ስትቀመጥ፣ እኔ በመካነ ሰላም ተማሪዎቼንና የቀሩትን ልጆች ይዤ ቈየሁ። ልጂቱ በእግዚአብሔር ቸርነት ድና ከተመለሰች በኋላ አንድ ማታ ስንጨዋወት፣ እርሷ በዚያ እኔም በዚህ፣ አንዳችን የሌላውን ሳናውቅ፣ ለእመቤታችን ጃንጥላ የተሳልን ሆነን ተገኘን። ባለቤቴም «አንድ ጃንጥላ እንውሰድ፤ የምንወስደው ግን ሁለታችን ነን» ብላ ፈረደች። ልጆቹን እናቴ ዘንድ አኖርን።

ስለ ጓዛችን ጥቂት ልናገር። በአገራችን ልማድ ሸክም የሚስት ጀርባ ነው፤ ባል ዱላውን በትከሻው አጋድሞ ከፊት ይሄዳል። ይህ ልማድ በየትኛው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት እንደ ተመሠረተ በጉባኤ ቤትም ሆነ በዘመናዊው ትምህርት ቤት ሳልሰማ ኖሬአለሁ። ስለዚህ ጓዙን ከሁለት ከፈልነው። በሶውንና ሁለቱን ጋቢ በጀርባ ቦርሳ እኔ ተሸከምሁ፤ ዳቦ ቆሎውን፣ ኩባያዎቹንና ጧፉን በስልቻ አድርጋ እርሷ አዘለች። መስከረም 21 በዚያ ዓመት ረቡዕ ስለ ዋለ ቅቤ የነካው ስንቅ አልያዝንም።

ሰኞ መስከረም 19 ቀን ጎሕ ሳይቀድ ተሳፈርን። ከአቀስታ ወዲያ ያለው የለጋምቦ ከፍታ ውርጭ ነው፤ መስኮቱ በላብ ተሸፍኖ፣ ተሳፋሪው ሁሉ በጋቢው ተጀቡኖ ዝም አለ። ጉጉፍቱ ላይ ጉሙ ሲገለጥ የገብስ ማሳውና አደይ አበባው አንድ ጊዜ ብቅ አለና፣ ሰው ሁሉ አፉን ፈታ። ከዚያ ቁልቁል ወደ ደሴ ነው።

ደሴ በጦሳ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች ከተማ ናት። የሰኞ ገበያዋ ስም ያለው ነው፤ በዚያ ላይ ከየአውራጃው ለግሸን የመጣው ምእመን ሲጨመርበት ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። ባጃጁ ጥሩምባውን ይነፋል፤ ረዳቱ «ግሸን! ግሸን!» እያለ ይጣራል፤ ባለ ጋሪው ‹ዞር በሉ› ይላል፤ ዶሮ ሻጩ፣ ሎተሪ አዟሪው፣ መዝሙር የሚያሰማው ድምፅ ማጉያ፣ ከመስጊዱ የሚሰማው አዛን፣ ሁሉም በአንድ አየር ላይ ይገናኛል። የአልጋ ደላሎች ደግሞ የነጠላ ጫፍ እስከ መያዝ ይደርሳሉ። ከመካነ ሰላም፣ ስሟ የሰላም ቦታ ከተባለው ከተማ ለሚመጣ ሰው ይህ ጩኸት በጆሮ ብቻ ሳይሆን በጉልበትም የሚሰማ ነው።

በዚህ ጊዜ የሁለታችን ዕውቀት ተለያየ። እኔ ደሴን የማውቃት በመጽሐፍ ነው። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የአይጠየፍ አዳራሽ ስሙን ያገኘው ታላቁም ታናሹም ሳይጠየፍ የሚበላበት ስለ ሆነ መሆኑን ላስረዳት ጀመርሁ። ባለቤቴ ግን ከተማዪቱን የምታውቃት መድኃኒት ስታመላልስ በረገጠችው መንገድ ነው። የትኛው ጠባብ መንገድ ወዴት እንደሚያወጣ፣ ውኃ በነጻ የሚሰጠው የትኛው ቤት እንደ ሆነ ታውቃለች። «መምህር፣ ንጉሥ ሚካኤል የትም አይሄዱብንም፤ ማደሪያው ግን ይያዝብናል» አለችና ከፊት ሆና መራች። እኔም ተከተልሁ። ዱላ የያዘ ባል ሚስቱን ከኋላ ሲከተል አይተው የሳቁ ጐረምሶች ነበሩ፤ ደሴን የማያውቁ እንግዶች መሆን አለባቸው።

ጃንጥላውን የገዛነው ከገበያው ነው። ሻጩ ወደ እኔ እያየ ዋጋ ሲጠራ መልሱ ከባለቤቴ አፍ ይወጣ ነበር። ሁለት ጊዜ ጥላው ወጣች፤ ሁለት ጊዜ ተጠራች፤ በሦስተኛው ዘርፉ ወርቃማ የሆነውን ሐምራዊ ጃንጥላ በተመኘችው ዋጋ ያዘችው።

ችግሩ ከዚያ በኋላ መጣ። ሕዝቡ እንደ ጐርፍ ሲገፋ፣ በመካከላችን አንድ ጊዜ በግ ነጂ፣ አንድ ጊዜ የፍራሽ ተሸካሚ እየገባ ሁለቴ ተለያየን። በሁለተኛው ጊዜ ነጠላዋን ከሺህ ነጭ ነጠላ ለመለየት ስሞክር ልቤ ፈራ። የጎረቤቶቻችን ጥያቄ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። በአደባባይ እጅ ለእጅ ተያይዞ መሄድ ደግሞ በእኛ ዕድሜና በእኛ አገር፣ በተለይ ከመቅደስ ላደገ ሰው፣ የሚያሳፍር ነው። በቁርባን የተጋቡ ሰዎች እጅ መያያዝ ለምን እንደሚያሳፍራቸው ሊቃውንት ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል። ባለቤቴ ስታገኘኝ ምንም አልተናገረችም፤ የታጠፈውን ጃንጥላ እጀታ ለእኔ ሰጥታ ጫፉን ራሷ ያዘች። ከዚያ በኋላ ማንም በመካከላችን አልገባም፤ ስእለት መሆኑን ያየ ሁሉ «ማርያም ትቀበላችሁ» እያለ መንገድ ይለቅ ነበር።

ያደርነው በዚያ የሕመም ወራት ባለቤቴን እንደ ልጇ ባስጠጋቻት በአንዲት የእስልምና እምነት ተከታይ እናት ቤት ነው። ለበዓሉ የአልጋ ዋጋ ሰማይ በወጣበት ማታ የራሳቸውን መደብ ለቀቁልን። ቡናውን እስከ በረካ አጠጥተው፣ ጸሎታቸውንም አድርሰው፣ ሲሸኙን ከመቀነታቸው አሥር ብር ፈትተው ለባለቤቴ ሰጧት፤ «ይቺን ለማርያም አድርሱልኝ» ብለው። ወሎን ለሚያውቅ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ያ ጉዞ በተደረገ በሁለት ዓመቱ፣ በ2014 ዓ.ም ጥቅምት መጨረሻ፣ ጦርነቱ ደሴ ገባ፤ ከተማዪቱ እስከ ኅዳር ማብቂያ በመከራ ሰነበተች። በ2015 ዓ.ም ሐምሌ ደግሞ በክልላችን ሌላ ውጊያ ተነሣ። መንገደኛ ከጎሕ በፊት መነሣቱን ትቶ «ዛሬ መንገዱ እንዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቅበት ዘመን መጣ። ስለዚህ ያ የጎረቤት ጥያቄ ክብደቱ ጨምሯል። ልጆቹን ለማን? ቀላል መልስ ያለው አይመስለኝም፤ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ የራሱን ያውቃል። እኔ ግን በዚያ ሁለት ወር፣ በየፊናችን ሆነን በየብቻችን ስናለቅስ፣ የተካፈልነው ነገር እንዳልነበረ አስታውሳለሁ።

ማክሰኞ ማለዳ ከደሴ ተነሣን። ከከተማዪቱ ወጣ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ስለ ሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት ስፍራ ነው፤ ከጉባኤው በኋላም የወሎው መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ያ የአይጠየፍ ባለቤት። ይህንን ስነግራት ባለቤቴ በሙሉ ልቧ ሰማችኝ፤ ማደሪያ የምንፈልግበት ሰዓት አልነበረምና።

ስለ ግሸን ብዙ አልጽፍም፤ የተጻፈው ብዙ ነው። አምባው መስቀለኛ ነው፤ ጥንት የነገሥታት ልጆች ይጠበቁበት ነበር፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም መስቀሉን በመስቀለኛ ስፍራ እንዲያኖር በራእይ ታዝዞ ግማደ መስቀሉን በዚያ እንዳኖረ ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች። ዳገቱን በእግር ወጣን፤ ጃንጥላው እንደ ደሴው በመካከላችን ነበረ። ባለቤቴ ስትደክም እኔ፣ እኔ ስደክም እርሷ ትስብ ነበር።

ስእለት የሚመዘግቡት አባት «በማን ስም ልጻፍ?» ብለው ጠየቁ። እርሷ የእኔን የክርስትና ስም፣ እኔ የእርሷን በአንድ ጊዜ ተናገርን። አባም መስመሩን አይተው «ለአንድ ጃንጥላ አንድ ስም ነው የሚበቃው» አሉ። «አባታችን፣ አንዱን ከሥር ያድርጉልን» አለች ባለቤቴ። ጻፉልን። ከዚያም አሥሩን ብር አውጥታ የደሴዪቱን እናት ስም ነገረቻቸው። ቀና ብለው አዩን፤ ወሎዬ ነበሩና ሁለተኛ ሳይጠይቁ ያንንም ጻፉ።