ሃያ ቶንና አንዲት አህያ

የጠፈር ንግድ ጨዋታ የሚጫወት ሰው ከሽፍታ ይልቅ የሚፈራው አንድ ማስታወቂያ አለ፤ «ጭነት ሞልቷል» የሚለውን። ሥራው ከአንዱ ፕላኔት በርካሽ ገዝቶ በሌላው በውድ መሸጥ ነው። መርከቡ ከፀሐይ ፀሐይ በቅጽበት ይዘልላል፤ አንድ ኩንታል ጨምር ሲሉት ግን አሻፈረኝ ይላል። የእህቴ ልጅ በዚህ ነገር ሲንገበገብ ይውላል። «ጋሼ፣ ይህን ሁሉ የሠሩ ሰዎች ሰፋ ያለ መጋዘን መሥራት እንዴት አቃታቸው?» ይለኛል። እኔ ደግሞ ጋይንት ውስጥ ያለችው የአርብ ገበያ ከተማ ሰው ነኝ። እዚያ ርስት የሚከራከር ሰው ከአቅኚ አባት ጀምሮ ሳይቆጥር አፉን አይከፍትም ነበር። ስለዚህ የመርከቡን ጠባብ ሆድ የዘር ሐረግ ልቆጥርለት ተነሣሁ።

ቅርቡ አባት «ኤሊት» ይባላል። ዴቪድ ብሬበንና ኢያን ቤል የተባሉ ሁለት የካምብሪጅ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጡት ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ ሌቭ ከተባለች ፕላኔት 100 ክሬዲት በእጁ፣ 20 ቶን የምትጭን መርከብ ከሥሩ ይዞ ይነሣል። ሲቀናው ተጨማሪ የጭነት ክፍል ገዝቶ 35 ያደርሳታል። ስምንት ጋላክሲ፣ በየጋላክሲው 256 ፕላኔት አለ። ይህ ሁሉ የተጨናነቀው 32 ኪሎባይት ሜሞሪ ባለው ኮምፒውተር ውስጥ ነው፤ ዛሬ በስልክ የምናነሣት አንዲት ፎቶ እንኳ እዚያ አትገባም።

የእህቴ ልጅ ይህን ሲሰማ «በቃ፣ ኮምፒውተሩ ጠቧቸው ነዋ!» አለ። አይደለም። ለኮምፒውተር 20 ብሎ መመዝገብም 255 ብሎ መመዝገብም የሚፈጅበት ያው አንድ ባይት ነው። ቢፈልጉ ኖሮ ሜሞሪ ሳይጨምሩ ከአሥር እጥፍ በላይ ያስጭኗት ነበር። መርከቧን ያጠበቧት ሆን ብለው ነው።

ከእነሱ በላይ ዴቭ ካውፍማን አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1974 «ስታር ትሬደር» የተባለውን ጨዋታ በቤዚክ ቋንቋ የጻፈው። ሥዕል የለው፣ ድምፅ የለው፤ ከኮከብ ኮከብ እየዞረ የሚከራከር ነጋዴ በጽሑፍ ብቻ። ከእሱ በላይ ብዙ ሳንርቅ ኮምፒውተሩ ያልቃል። አህያ ይጀምራል።

አርብ ጠዋት ወደ ገበያ የሚወጣውን መንገድ ያየ ይመስክር። አህያ ለመጫን ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። ጀርባዋ እንዳይላጥ አሮጌ ጆንያ ይነጠፍላታል፤ እህሉ በሁለቱም ጎን እኩል ይደላደላል፤ መጫኛው በሆዷ ሥር ዞሮ ይጠብቃል። አንዱ ጎን ካጋደለ ቁልቁለቱ ላይ መገልበጥ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጤፍ ከአፈር መለየት የማንንም ጠላት አይግጠመው። የጎታዋ ባለቤት ቤቷ ውስጥ ጤፍም፣ ገብስም፣ ባቄላም ይኖራታል። የአህያዋ ጀርባ ግን አንድ ነው። ስለዚህ ሌሊቱን ስታወጣ ስታወርድ ታድራለች። ያለፈው አርብ ባቄላ ስንት ዋለ? ጤፉን ብሸጥ ለበዓል ምን ሊቀረኝ ነው? ገብሱን ብተወውስ ነቀዝ ይቀድመኝ ይሆን? የእህቴ ልጅ ስክሪን ላይ አፍጥጦ የሚያሰላው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ የእሱ ጭነት አይነቅዝም።

ጀርባው የበቅሎ ሲሆን መንገዱም ይረዝማል። አሞሌ ጨው ከአፋር ዝቅታ ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ ወደ ትግራይ ይወጣል፤ ከዚያ በሰቆጣ በኩል አድርጎ ጎንደር ይገባ ነበር። ከተቆረጠበት በራቀ ቁጥር ይወደዳል። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነገሩን አስተውሎ ጽፎታል፤ ከጨው ማውጫው አጠገብ ከመቶ በላይ አሞሌ የሚጠየቅበት ወርቅ፣ መንገዱ በገፋ ቁጥር ባነሰ አሞሌ ይገኝ ነበር። ታዲያ ሲራራ ነጋዴው ለምን ሺህ አሞሌ አይጭንም? በቅሎዋ ስለማትችል ነዋ! የምትችለውንም ሰብራበት ወይም ዝናብ አስመትታበት እንደሆነ ትርፉ መንገድ ላይ ቀረ። ኤሊት ውስጥ 17 ሸቀጥ ተዘርዝሯል፤ ኮምፒውተር አለ፣ መጠጥ አለ፣ ለምድ ሳይቀር አለ። ጨው የለም። በጨው ገበያ ያደገ አገር ሰው በዚህ ቢያዝን አይፈረድበትም።

አንድ ነገር ግን ፈጣሪዎቹን አስመስግኗቸዋል። በኤሊት ወርቅ፣ ፕላቲነምና የከበረ ድንጋይ ከሃያው ቶን አይቆጠሩም። የኛ ነጋዴ ይህን ብልሃት ማንም ሳይነግረው ያውቀው ነበር። ዝባድ በከብት ቀንድ ተሞልቶ ነበር የሚጓዘው፤ በበቅሎዋ ጎን የተንጠለጠለችው ቀንድ ጀርባዋ ላይ ካለው ሁሉ ልትወደድ ትችላለች።

የሐረጉ ጫፍ ላይ ኮስማስ ይገኛል፤ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረ፣ አዱሊስን በዓይኑ ያየ ነጋዴ። እሱ እንደጻፈው የአክሱም ንጉሥ በየሁለት ዓመቱ በአገው ገዥ አማካይነት ወርቅ ገዥዎች ሳሱ ወደተባለ አገር ይልክ ነበር፤ ከ500 በላይ ነጋዴም አብሮ ይሄዳል። የሚይዙት በሬ፣ ጨውና ብረት ነው። ከሦስቱ በሬውን ልብ በሉልኝ፤ ራሱን የሚሸከም ጭነት ነው። እዚያ ሲደርሱ በእሾህ አጥር ከልለው በሬውን ያርዱና ሥጋውን ከጨውና ከብረቱ ጋር እሾሁ ላይ ይደረድሩታል። የአገሩ ሰው መጥቶ በፈለገው ላይ ወርቁን ያኖራል፤ ባለሥጋው ከተስማማ ወርቁን ያነሣል። ሲመለሱ በሬ የለ፣ ጨው የለ፤ ወርቃቸውን ይዘው ወንዙ ሳይሞላባቸው ይገሰግሳሉ።

ራሱን የሚሸከም ጭነት ግን በሬ ብቻ አልነበረም። ከኤሊት 17 ሸቀጦች አንዱ ባሪያ ነው። የኛም ሲራራ ለዘመናት ሰውን በእግሩ እየነዳ ተጉዟል፤ ባርነትን የሻረው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው። የዘር ሐረግ የሚቆጥር ሰው የሚያኮሩትን አባቶች ብቻ መርጦ ሊቆጥር አይችልም።

ከዚህ ሁሉ ያፈነገጠ አንድ ሰው ብቻ አውቃለሁ። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ፣ 70 ኩንታል ገደማ ብረት፣ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያንቀሳቅሱ የሚሸከመው ጀርባ አልነበረም። «ሞልቷል» የሚለውን ቃል አልሰማም አሉ፤ በጨጨሆ በኩል መንገድ እያስቆረጡ፣ በሰው እያስጎተቱ አደረሱት። መድፉ ዛሬም እዚያው ነው። 44 ዝሆን ይዘው የመጡት እንግሊዞች እንኳ ትተውት ሄዱ።

ለእህቴ ልጅ የነገርኩት ይህን ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። አንዱ ሃምሳውንም መሸከም ቢችል ኖሮ ገበያ የሚባል ነገር ባልቆመ፣ አርብም እንደ ሐሙስ ባለፈ። መርከቡ ሁሉን ቢጭን ተጫዋቹ ዋጋ አይጠይቅም፣ ወሬ አይቃርምም፣ ይህን ልያዝ ያን ልተው ብሎ አይጨነቅም። ያን ጊዜ ነጋዴነቱ ቀርቶ ተላላኪ ይሆናል።

ልጁ ዝም ብሎ አይረታም። «ታዲያ አይሱዙስ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ዛሬ የአርብ ገበያን እህል የሚያወጣው አይሱዙ ነው። ፋብሪካው የወሰነለት ልክ አለው፤ ያ ልክ ግን በኛ ዘንድ የድርድር መነሻ ነው። አንድ ጆንያ ይጨመራል፣ ከላዩ ፍራሽ ይታሰራል፣ ከፍራሹ ላይ በግ ይወጣል፣ የበጉም ባለቤት በጉን ብቻውን አይልክም። አውቶቡስ ውስጥ ደግሞ ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ «ጠጋ ጠጋ በሉ!» ይላል፤ መጠጊያ እንደሌለ እያየ ይላል፤ ሰዉም ይጠጋል። ይህን ደንብ ብሬበንና ቤል አያውቁትም።

የእህቴ ልጅ ፕሮግራም ተምሮ የራሱን የጠፈር ጨዋታ ሊሠራ አስቧል። ይሥራ። ሃያ ቶኑን እንዳይነካ ብቻ አደራ ብዬዋለሁ። ተጫዋቹ አላስቀምጥ ካለው ግን መርከቡን ከማስፋት ረዳት ይቅጠርበት።