ብቻሽን አትሄጂም

«ዩ ዊል ኔቨር ዎክ አሎን» የሚለውን ዘፈን ሳትሰሙት አትቀሩም። ሊቨርፑል በተጫወተ ቁጥር አርባ ምንጭ ኳስ በሚታይበት ቤት ሁሉ ይሰማል። ወጣቶቻችን «ብቻህን አትሄድም» ብለው ይተረጉሙታል። እኔ ግን «ብቻሽን አትሄጂም» ቢባል ይሻላል እላለሁ፤ መጀመሪያ የተዘፈነው ባሏ ለሞተባት ነፍሰ ጡር ሴት ነውና።

ዜማው የሪቻርድ ሮጀርስ፣ ግጥሙ የኦስካር ሀመርስታይን ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 «ካሩሰል» በተባለ ሙዚቃዊ ቴአትር በኒው ዮርክ ቀረበ፤ በ1956 ፊልም ሆነ። በታሪኩ ቢሊ የተባለ ቁጡ ወጣት ጁሊን ያገባል። ሥራ ያጣል፤ ይመታታል። መፀነሷን ሲሰማ ለሚወለደው ልጅ ገንዘብ አገኛለሁ ብሎ ከክፉ ባልንጀራ ጋር ለዝርፊያ ይወጣና በቢላዋ ይሞታል። ጁሊ በሬሳው አጠገብ ቆማ መናገር ሲያቅታት ኔቲ የተባለች ዘመዷ ይህን ዘፈን ታንጎራጉርላታለች።

በፊልሙ የማልቀበለው ነገር አለ። ልጅቷ አድጋ፣ ሰው በኃይል መትቶሽ ሳያምሽ ሊቀር ይችላል ወይ ብላ ስትጠይቅ እናትየዋ ይቻላል ትላታለች። የለም፣ ያማል! በየጓዳችን ይህንኑ መልስ ለልጆቻቸው የሚሰጡ እህቶች ስላሉ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ዘፈኑን ወደ ኳስ ሜዳ ያመጡት በ1963 ያስቀረጹት የሊቨርፑል ልጆች፣ ጄሪ ኤንድ ዘ ፔስሜከርስ ናቸው። በ1989 በሂልስቦሮ ስታዲየም በደረሰው መተፋፈግ ምክንያት 97 የሊቨርፑል ደጋፊዎች ሕይወታቸውን አጡ፤ ዘፈኑም እንደገና የሐዘንተኛ ማጽናኛ ሆነ።

እኛ ዶርዜዎች ይህ አይጠፋንም። በባህላዊ ዜማችን አንዱ ሲያነሣ ሌላው በራሱ ድምፅ ይገባበታል፤ አንዱ ትንፋሽ ቢያጥረው ዜማው አይቋረጥም። ነገር ግን ወንዶቻችን ሸማ ሊሠሩ አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ይሄዳሉ፤ ሚስት ከእንሰቱና ከልጆቹ ጋር ትቀራለች። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ባለቤቴ እዚያ ነበር። እንሰት የፋቁልኝ፣ ውኃ የቀዱልኝ፣ ሌሊት አጠገቤ ያደሩት የጎረቤት እናቶች ናቸው።

ባለፈው ክረምት ጥጥ እየፈተልኩ የጁሊን ታሪክ ለባለቤቴ አጫወትኩት። የሊቨርፑል ደጋፊ ነውና ስለ ኳሱ የሚያወራኝ መስሎኝ ነበር። መወርወሪያውን አቆመና፣

«ያን ጊዜ አንቺ አጠገብ ማን ነበር?» አለኝ።

በዘጠኝ ዓመት ትዳራችን ይህን ጠይቆኝ አያውቅም። እንዝርቴን አስቀምጬ የሴቶቹን ስም አንድ በአንድ ነገርኩት። አምስት ናቸው፤ ሁለቱ ወደ ጌታ ሄደዋል። ለሦስቱ ነጠላ ሊሠራላቸው በማግስቱ ድር ማድራት ጀመረ።