በበዓለ ሃምሳ የጾመችው ልጅ



ሰኞ ሁዳዴ ይገባል። ሰሞኑን አንዲት ተማሪ በሜሴንጀር "ቲቸር፣ ዘንድሮ ሁዳዴን ጠንክሬ ከጾምኩ ስንት ኪሎ እቀንሳለሁ?" ብላ ጠየቀችኝ። የስፖርት መምህር ስለሆንኩ ያውቃል ብላ ነው። ለሷ ብቻ መልሼ ልተወው ነበር። ግን ሌላ ልጅ ትዝ አለችኝና እዚሁ ልጻፈው አልኩ። ባለታሪኳ ዛሬ ኮሌጅ ገብታለች፤ ስሜን አትጥቀስ እንጂ ጻፈው ብላ ፈቅዳልኛለች።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ ነበረች። ከገጠር መጥታ አርብ ገበያ ከጓደኛዋ ጋር ቤት ተከራይታ ነው የምትማረው። ኑሮውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ዓርብ ወላጅ ለገበያ ሲመጣ ስንቅ ይዞ ይመጣል፤ እንጀራው እስከ ማክሰኞ ቢዘልቅ ነው፤ ከዚያ በኋላ ድርቆሽ በሽሮ። በሁዳዴ አንድ ቀን ሜዳ ላይ ሩጫ ሳሠራቸው ወደ ኋላ ቀረች። እኔ ደግሞ ላስቃቸው ብዬ "አንቺ፣ ለፋሲካ ሙክት ሆነሽ ልትደርሺ ነው እንዴ?" አልኳት። ክፍሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። እኔም ረሳሁት።

ፋሲካ አለፈ። ከዚያ በኋላ በአንዱ ረቡዕ ጠዋት ሰልፍ ላይ ወደቀች። አንሥተን ጥላ ሥር አስተኛናት። ስትነቃ "ቁርስ በልተሻል?" አልኳት። "ረቡዕ እኮ ነው ቲቸር፣ ጾም ላይ ነኝ" አለችኝ። እኔም እሺ ብዬ አልፌው ነበር። ቢሮ ገብቼ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው የባነንኩት። በዓለ ሃምሳ ላይ ነን እኮ! ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። ይህን ደግሞ የጋይንት ልጅ አታውቀውም አይባልም።

ጓደኛዋን ጠርቼ ጠየቅኋት። ለካ ሁዳዴን ሙሉ እስከ ማታ ምንም ሳትቀምስ ነበር የምትውለው፤ ቅዳሜና እሑድን ጨምሮ። በሁዳዴ ቅዳሜና እሑድ ከሥጋና ከወተት እንከለከላለን እንጂ፣ ከቀዳም ስዑር በቀር፣ ከእህል ተከልክሎ መዋል የለም። "ቲቸር ሙክት ካልካት ቀን ጀምሮ ነው" አለችኝ ጓደኛዋ። ቲክቶክ ላይ ደግሞ በጾም ሸንቀጥ ማለት ይቻላል የሚል ቪዲዮ አግኝታለች። ጾም ላይ ነኝ ስትል ማን ይጠይቃታል? እናቷ እንኳ ልጄ ጨዋ ናት እያለች ትመርቃታለች።

ጤና ጣቢያ ስንወስዳት ደም ማነስ አለባት ተባለ። የወር አበባዋ ከቀረ ሁለት ወር እንዳለፈው ለሴት መምህርት ነገረቻት። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትንና ከጤና ባለሙያዎች የሰማሁትን በአጭሩ ላካፍላችሁ።

በአሥራዎቹ ዕድሜ ሰውነት ገና ግንባታ ላይ ነው። አጥንት አብዛኛውን ጥንካሬውን የሚያገኘው እስከ 20 ዓመት ገደማ ባለው ጊዜ ነው። ሴት ልጅ ስትጎረምስ ዳሌዋና ጭኗ መሙላቱ ተፈጥሮ ነው፣ በሽታ አይደለም። ምግብ ሲያንስ ሰውነት ለሕይወት የግድ የማያስፈልገውን ሥራ ያቆማል፤ የወር አበባ የሚቀረውም ለዚህ ነው።

ሚዛን ላይ መጀመሪያ ፈጥኖ የሚቀንሰው ደግሞ አብዛኛው ውኃና የተጠራቀመ ስኳር ነው፤ ቀጥሎ ከስቡ ጋር ጡንቻም ይሄዳል። መብላት ሲጀመር ኪሎው ይመለሳል። ቀኑን ሙሉ የተራበ ሰው ማታ ከልክ በላይ ይበላል፣ ከዚያ ይጸጸትና በማግስቱ እንደገና ራሱን ያስርባል። ይህ አዙሪት ነው አመጋገብን የሚያበላሸው።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ልጆች ኪሎ ለመቀነስ ብለው ምግብ እንዳይዘሉ ይመክራል። አንዱ ነጥቡ በተለይ እኔን ነካኝ፤ በልጅ ውፍረት ላይ ማሾፍ ራሱ ልጁን ለአመጋገብ ችግር ሊዳርገው ይችላል ይላል። የኔ ሙክት ማለት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ ይብሳል። ታች ጋይንት፣ ላይ ጋይንት፣ ስማዳ የሴፍቲኔት ወረዳዎች ናቸው። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 22 በመቶው ከሚገባው በላይ ቀጫጭን ነበሩ፤ ከመጠን በላይ የወፈሩት 8 በመቶ ናቸው። እናቶቻችን "ወፈር ብለሻል" ሲባሉ "ተመስገን" ነበር የሚሉት። ዛሬ ያው ቃል ልጆቻችንን ያስለቅሳል።

እኔ ጾምን እየተቃወምኩ አይደለም። እጾማለሁ። ግን ጾም ከጸሎትና ከምጽዋት ጋር ነው የሚሄደው፤ ከሚዛን ጋር ምን አገናኘው? የታመመ ሰው ደግሞ ለንስሐ አባቱ ነግሮ ይፈቀድለታል። ሙስሊም ተማሪዎቼም በረመዳን እንዲሁ፤ ለታመመ ፈቃድ አለ።

የምትጾሙ ልጆች ጾሙን ስትፈቱ በደንብ ብሉ። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ጎመን ይኑር። ቲማቲም፣ ቃሪያ ወይም ሎሚ ጨምሩበት፤ ሰውነት ብረቱን ይበልጥ እንዲወስድ ያግዛል። ቡናና ሻይ ብረቱን ስለሚያስቀሩ ከምግቡ ራቅ አድርጉት። ፍስክ ሲሆን ደግሞ እንቁላልና ወተት ከተገኘ ለልጆች ይቅደም፤ ቢ12 የሚባለው ቫይታሚን በተፈጥሮው የሚገኘው ከእንስሳት ምግብ ነው።

በእውነት ውፍረት ያስቸገረው ልጅ ካለ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር። ለስላሳና ስኳር መቀነስ፣ መንቀሳቀስ፣ በቂ እንቅልፍ መተኛት ይረዳል። ብዙ ጊዜ ቁመቱ ሲጨምር ኪሎው ባለበት ቢቆይ ይበቃዋል።

ወላጆች፣ ልጃችሁ ጾሙ ካለፈ በኋላም የምትጾም ከሆነ፣ ደጋግማ የምታዞር ከሆነ፣ ከሰው ጋር መብላት ከሸሸች ቀስ ብላችሁ ጠይቋት። መምህራን ጓደኞቼ፣ ሜዳ ላይ ቀልዳችንን እንምረጥ። እኔ ያችን ልጅ በክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ በክፍሉ ፊት ነበራ ያሳቅሁባት።

በሜሴንጀር ለጠየቀችኝ ልጅ የኪሎ ቁጥር አልነገርኳትም። "ማን ምን አለሽ?" ብቻ ብዬ ጻፍኩላት። አይታዋለች፣ እስካሁን አልመለሰችልኝም። እየጠበቅሁ ነው።

መልካም ጾም ይሁንላችሁ።