ጋሻው ለማን ይገባል?

የአኪሊስን ጋሻ የማያውቅ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ የለም። ጋሻው ያመጣውን ጠብ ግን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። አኪሊስ ትሮይ ላይ ሲወድቅ፣ የአማልክቱ አንጥረኛ የሠራለት ትጥቅ ባለቤት አልባ ሆኖ ቀረ። ሁለት ሰዎች «ለእኔ ይገባል» አሉ። አንዱ አያክስ ነው፤ ግዙፍ፣ ብርቱ፣ ከጦር ሜዳ ወደ ኋላ የማይል። ሌላው ኦዲሴየስ ነው፤ ብልጥና አንደበተ ርቱዕ። ትጥቁ ለኦዲሴየስ ተሰጠ። በሶፎክለስ ተውኔት እንደምናየው አያክስ በንዴት አበደ፤ አለቆቹን የፈጀ መስሎት የከብት መንጋ ፈጀ፤ ልቡናው ሲመለስለት ደግሞ በገዛ ሰይፉ ላይ ወደቀ። ሰውየውን የገደለው ጠላት አይደለም፤ የዕቃ ክፍፍል ነው።

ይህን ያነሳሁት ስለ ኮምፒዩተር ጨዋታ ላወራችሁ ፈልጌ ነው። (ገጹን ልትገልጡት ነው አይደል? እባካችሁ ትንሽ ታገሡኝ።) የአያክስና የኦዲሴየስ ጠብ ዛሬም አላለቀም። በየማታው፣ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ሰዎች መካከል ይካሄዳል። ነገሩም የልጆች ነገር ብቻ አይደለም።

የእህቴ ልጅ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያደገ፣ አርባ ሊሞላው ጥቂት የቀረው ጎልማሳ ነው። ቀን ሥራው ላይ ይውላል፤ ማታ «ዘመቻ አለብኝ» ብሎ ክፍሉን ይዘጋል። በ2025 ሐምሌ እነሱ ዘንድ ሰንብቼ ነበርና (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ወንበር ስቤ ከጎኑ እየተቀመጥኩ ስጠይቀው ከረምኩ። ጨዋታው ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ይባላል። ብሊዛርድ የተባለ የካሊፎርኒያ ኩባንያ በኅዳር 2004 ያወጣው ነው። ከየአገሩ የተሰበሰበ ሰው አንድ ምናባዊ ዓለም ውስጥ ገጸ ባሕርይ ለብሶ ይኖራል፤ ይዋጋል፣ ይነግዳል፣ ይወዳጃል፣ ይጣላል።

በዚያ ዓለም ጉልበት ከሁለት ቦታ ይመጣል። አንደኛው ከተጫዋቹ እጅ ነው፤ የቱን ቁልፍ መቼ እንደሚመታ፣ እሳት ሲወርድበት ወዴት እንደሚሸሽ ማወቁ። ሁለተኛው ከትጥቁ ነው። እያንዳንዱ ሰይፍ፣ ጥሩርና ቀለበት የራሱ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ምቱ ይበረታል። የሠሪዎቹ ጭንቅ እዚህ ላይ ይጀምራል። ትጥቁን ከመጠን በላይ ካበረቱት ጦርነቱ ሜዳ ላይ ሳይሆን ቁም ሣጥን ውስጥ ያልቃል፤ የለበሰ ይገድላል፣ ያልለበሰ ይሞታል፣ ብልሃት ዋጋ ያጣል። ካላሉት ደግሞ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ለምን ብሎ ይመለሳል?

ብላቴናው ዳዊት የንጉሥ ሳኦልን ጥሩር ለብሶ መራመድ ሲያቅተው አውልቆ ጥሎ በወንጭፍና በጠጠር እንደሄደ ሁላችንም እናውቃለን። ታሪኩን የምንወደውም ብልሃት ትጥቅን ስላሸነፈ ነው። ግን ልብ በሉ፤ ዳዊትም ቢሆን ጎልያድን ከጣለ በኋላ የሰውየውን ትጥቅ ወደ ድንኳኑ ወስዷል። ድካሙን የሚያሳይ ነገር እጁ ላይ እንዲቀር የማይፈልግ ጀግና የለም።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የዚህ ጨዋታ ትልቁ ዘመቻ 40 ሰው ይጠይቅ ነበር። 40 ሰው፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት! (እኛ የዕድር ስብሰባ ላይ በሰዓቱ ስንት ሰው እንደሚገኝ እናውቃለን።) ከብዙ መከራ በኋላ ጭራቁ ሲወድቅ የሚጥለው ዕቃ በጣት የሚቆጠር ነው። አርባው ሰው ቆሞ ሁለት ሦስት ዕቃ ያያል። አያክስና ኦዲሴየስ በሃያ ተባዙ ማለት አይደል? ስለዚህ ማኅበራቱ ሕግ አወጡ። አንዳንዱ በዕጣ ያከፋፍላል። ሌላው ኤቨርኩዌስት ከተባለው የ1999 ጨዋታ የተወረሰ የነጥብ ሥርዓት ይከተላል፤ ዘመቻ የወጣ ሰው ነጥብ ያጠራቅማል፣ ዕቃ ሲፈልግ ከነጥቡ ይከፍላል።

«ታዲያ ዕቁብ ነዋ!» አልኩት የእህቴን ልጅ።

«አይደለም ጋሼ» አለኝ ሳቅ ብሎ። «ዕቁብ ለሁሉም ይደርሳል።»

እውነቱን ነው። በዚህኛው ለሁሉም አይደርስም። ሁልጊዜ የሚዘምት ነጥብ አለው፤ ነጥብ ያለው ትጥቅ ያገኛል፤ ትጥቅ ያለውን ለሚቀጥለው ዘመቻ አስቀድመው ይጠሩታል። ላለው የሚጨመርበት ዓለም ነው። ሕፃን የምታሳድግ፣ የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ከበሩ ውጭ ይቀራል።

ይህ ነገር ጫፍ የነካው በሰኔ 2006 ነበር። ናክስራማስ የሚባል በራሪ ምሽግ ተከፈተ። ከክፍል ክፍል በአስፈሪ ጭራቆች የተሞላ፣ የስንት ባለሙያ ድካም የፈሰሰበት ሥራ ነው። ከተጫዋቾቹ መካከል ዘልቆ ውስጡን ያየው ግን እጅግ ጥቂቱ ነበር። የወር ክፍያው ደግሞ ለሁሉም እኩል ነው፤ 15 ዶላር ገደማ። ትልቅ ልብ ወለድ አሳትማችሁ የመጨረሻዎቹን ምዕራፎች ለጥቂት አንባቢ ብቻ እንደ መስጠት ቁጠሩት። ኩባንያው በ2008 ያንኑ ምሽግ ቀለል አድርጎ፣ 10 ወይም 25 ሰው እንዲዘምትበት አድርጎ መልሶ አመጣው። በኅዳር 2011 ደግሞ ማኅበር የሌለው ሰው ተሰልፎ ከማያውቃቸው ጋር የሚዘምትበትን በር ከፈተ። ውጊያው ቀላል፣ ትጥቁም በዚያው ልክ አነስ ያለ ነው።

በሩ ሲከፈት የነበሩት ሰዎች ደስ አላላቸውም። «ድሮ እኮ» የሚል ኀዘን በየቦታው ተሰማ። ይህን ኀዘን የዕድሜ ምሬት ነው ብዬ አልንቀውም። በድሮው ሥርዓት ሰው በስሙ ይታወቅ ነበር። ዕቃ የዘረፈ፣ በውጊያ መሐል ጥሎ የሄደ ሰው ስሙ ጠፍቶ የሚዘምትበት ያጣል። በአዲሱ ሰልፍ ግን 25 እንግዳ ሰዎች ሰላምታ ሳይለዋወጡ ገብተው፣ ጭራቁን ገድለው፣ ዕቃቸውን ይዘው ይበተናሉ። አውቶቡስ ውስጥ አብረው እንደተሳፈሩ ሰዎች። በሩ ሰፋ፤ ጎረቤትነቱ ሳሳ። ሁለቱም እውነት ናቸው።

ትጥቁስ ቢሆን መች ለባለቤቱ ጸና! በጥር 2007 ጨዋታው አዲስ አህጉር ሲጨመርለት፣ ሰዎች ወራት የለፉበት የክብር ትጥቅ አዲሱ መሬት ላይ ማንም ተራ መልእክተኛ በሚሸለመው ጥሩር ተበለጠ። ብር ሲቀየር ገንዘቡን ፍራሽ ሥር ያስቀመጠ ሰው የሚሰማውን ስሜት አስቡት። ቁጥሩም ዓመት በዓመት እየናረ ሄደና በ2014 ሠሪዎቹ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ቀንሰው ጻፉት፤ በ2018 ደግመው ቀነሱ። የዋጋ ንረት ምናብ ውስጥም አለ ለካ!

በዚያው በ2014 የተያዘው መላ ግን ልብ የሚያሳርፍ ይመስለኛል። አንዱ ዘመቻ በአራት የክብደት ደረጃ ቀረበ። ታሪኩ አንድ ነው፣ ጭራቁም አንድ ነው፤ የሚለየው የውጊያው ጽናትና የሽልማቱ መጠን ነው። የመጨረሻው ደረጃ እስከ ዛሬ ጥርስ ያስነክሳል። ታሪኩን ለማየት ግን ጥርስ መንከስ ግዴታ አይደለም።

እኔ በሄድኩበት ክረምት የእህቴን ልጅ ያንገበገበው ጉዳይ ሌላ ነበር። በሰኔ 2025 ጨዋታው አንዲት አዲስ ቁልፍ ጨመረ። አንድ ተዋጊ በውጊያ መሐል የሚመርጣቸው ምቶች ብዙ ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸውን ማወቅ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። አሁን ግን የፈለገ ሰው አንዷን ቁልፍ ደጋግሞ ይጫናል፤ የሚቀጥለውን ምት ኮምፒዩተሩ ይመርጥለታል። በነፃ አይደለም፤ በምትና በምት መካከል ያለው ጊዜ በ0.2 ሰከንድ ይረዝምበታል። ከእሳቱ መሸሽም የራሱ ፋንታ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ማጭበርበር ነው» አለኝ የእህቴ ልጅ። «ሃያ ዓመት የተማርኩትን ማሽኑ ይሠራለታል!»

ይህን ክርክር የት እንደሰማሁት ወዲያው ትዝ አለኝ። ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር በየዓመቱ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ይደርሱኝ ነበር። የፈተና ቀን ጥያቄውን የሚያነብላቸው ሰው ይመደባል፤ ግማሽ ሰዓትም ይጨመርላቸዋል። አንድ ጊዜ አንድ ጎበዝ ተማሪ ቢሮዬ ድረስ መጣና «መምህር፣ ሰዓት እኮ ለእኛም አልበቃንም» አለኝ። ቅሬታው ከክፋት የመጣ አልነበረም፤ በላቡ ያገኘው ውጤት የረከሰበት መስሎት ነው። «የእኔ ፈተና የሚለካው ልብ ወለዱ የገባህ መሆኑን ነው ወይስ የዓይንህን ፍጥነት?» ብዬ ጠየቅሁት። ዝም አለ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ያ ግማሽ ሰዓት ማንንም ከኤፍ አላዳነም። መጽሐፉን ያላነበበ ዓይነ ስውር እንደማንኛውም ሰነፍ ይወድቃል። የተጨመረው ጊዜ ወደ ጥያቄው አደረሳቸው እንጂ መልሱን አልሰጣቸውም።

ለኔ የነገሩ ሁሉ ቋጠሮ እዚህ ነው። «ጋሻው ለማን ይገባል?» እና «በሩ ለማን ይከፈት?» ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ስናምታታቸው ነው የምንጣላው። ጋሻው ለሞከረው ሁሉ ከታደለ ጋሻ መሆኑ ይቀራል፤ ሽልማት ብርቅ መሆን አለበት፣ በዚህ ከአያክስ ጋር ነኝ። በሩን ግን በጣት ፍጥነትና በትርፍ ሰዓት ብዛት ብቻ ከመዘንነው፣ የለካነው ጀግንነትን ሳይሆን ጤንነትንና ኑሮን ነው።

ስለ ጤንነት ካነሳን የማትስ ስቲንን ታሪክ ሳልነግራችሁ አላልፍም። ማትስ ኖርዌያዊ ነው። ዱሼን በሚባል፣ ጡንቻን እያመነመነ በሚሄድ በሽታ ከልጅነቱ ጀምሮ ተይዞ በተሽከርካሪ ወንበር ይኖር ነበር። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ጣቶቹን በጥቂቱ ብቻ ማንቀሳቀስ ሲችል፣ በተለየ መሣሪያ እየታገዘ ይህንኑ ጨዋታ ይጫወታል። በዚያ ዓለም ስሙ ኢቤሊን ነው፤ ይሮጣል። በኅዳር 2014 በ25 ዓመቱ ሞተ። ወላጆቹ ልጃችን ወዳጅ ሳይኖረው፣ ማንንም ሳይጠቅም፣ ፍቅር ሳያይ ኖሮ ሞተ ብለው አዝነው ነበር። የሞቱን ዜና ኢንተርኔት ላይ ሲያሳውቁ ግን ከየአገሩ የኀዘን ደብዳቤ ጎረፈላቸው። ከማኅበሩ አባላት አንዳንዶቹ ከተለያዩ የአውሮፓ አገሮች ተነሥተው ቀብሩ ላይ ተገኙ። በ2024 ታሪኩ ዘጋቢ ፊልም ሆኖ ወጥቷል።

ደብዳቤዎቹን የጻፉት ሰዎች ስለ ማትስ ትጥቅ አልነበረም የሚያወሩት። ስለመከራቸው፣ ስላጽናናቸው፣ ከልጆቻቸው ጋር ስላስታረቃቸው ነው። እሱ በበሩ ባይገባ የሚጎድለው እሱ ብቻ ሳይሆን እነሱም ጭምር ነበሩ። በር ስናጠብ ብዙ ጊዜ የማናስበው ይሄንን ነው፤ ውጭ የቀረው ሰው ምን ይዞልን ሊመጣ እንደነበር።

ያቺ 0.2 ሰከንድ ፍጹም ፍትሕ ናት አልልም። እኔ ፈተና ክፍል ውስጥ ማን እንደማያይ አውቅ ነበር፤ ማሽኑ ግን ጣቱ የደከመውን ከሰነፈው አይለይም፤ ሁለቱንም እኩል ያስከፍላል። ቢሆንም ከሁለት ክፉ ነገሮች መካከል የተገኘች ደህና ዋጋ ናት፤ በሩን አትዘጋም፣ የሠለጠነውንም እጅ ብልጫ አትነጥቅም።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ ነገርኩት። አልተዋጠለትም። ዛሬም ሁሉንም ምት በየራሱ ቁልፍ፣ በገዛ ጣቶቹ እየመረጠ ይዋጋል፤ ይኮራበታልም። ደግ አደረገ። ማንም አልከለከለውም።